ለአንዲት ቧንቧ 600 ብር፦ ገንዘቡ የት ይሄዳል?

ሰኔ ሲገባ ቆቦ ውስጥ በየግቢው የሚሰማ ክርክር አለ። ጣሪያው ማፍሰስ ጀምሯል፤ የበሩ ማጠፊያ ወልቋል፤ የግቢው ቧንቧ ሌሊቱን ሙሉ ሲያንጠባጥብ ያድራል። ባለሙያ ይጠራል፤ አይቶ ዋጋውን ይናገራል። ባለቤቷ «ለዚህች ለዚህች?» ትላለች። እሱም «እትዬ፣ ሁሉ ነገር ጨምሯል እኮ» ይላል። ከዚያ ድርድሩ ይቀጥላል። በመጨረሻ ወይ ሥራው በግማሽ ዋጋ ይሠራል፣ ወይ ባለሙያው ዕቃውን ይዞ ይሄዳል፣ ቧንቧውም ማንጠባጠቡን ይቀጥላል።

ሁለቱም እውነት አላቸው። ለግማሽ ሰዓት ሥራ 600 ብር መክፈል ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው። ለባለሙያው ደግሞ 600 ብሩ ኪሱ ሳይደርስ ያልቃል። ችግሩ ያለው ክርክሩ የተሳሳተ ቦታ ላይ መሆኑ ነው። በትንሽ ጥገና ውስጥ ውድ የሆነው የባለሙያው እጅ አይደለም፤ በእጁ ዙሪያ ያለው ነገር ነው። ከተማው ግን የሚከራከረው በእጅ ዋጋው ላይ ብቻ ነው።

ከዕቃው እንጀምር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር ወደ 57 ብር ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የቧንቧ ራሱ፣ ቁልፉ፣ ሶኬቱ፣ ብሬከሩ አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው። አገር ውስጥ የሚመረተው ቆርቆሮና ሽቦ እንኳ ጥሬ ዕቃው በዶላር ይገባል። በዚያ ላይ የመኪና ጭነት አለ፤ ዕቃው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴና በወልድያ በኩል ቆቦ እስኪደርስ መንገዱ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ነው። የቧንቧ ሠራተኛው ይህንን ዋጋ አልፈጠረውም። ነገር ግን ለባለቤቷ የሚነግራት እሱ ስለሆነ ቁጣው የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

ቀጥሎ ጉዞው አለ። ለስሌት ያህል እንዲህ እንበል፦ ባለሙያው የእጅ ዋጋ 600 ብር ጠየቀ። አንድ ጊዜ ለማየት ይመጣል፣ ከዚያ ዕቃ ሊገዛ ገበያ ይወርዳል፣ ተመልሶ ይሠራል፤ ለባጃጅ 100 ብር ይሂድ። ለረዳቱ 200 ብር ይከፍላል። የቀረው 300 ብር ነው። በዚያ ቀን ሌላ ሥራ ካልተገኘ የቀኑ ገቢው ይኸው ነው። መብራት በጠፋበት ቀን በያጁ ያለ ሥራ ይውላል፤ መንገድ በተዘጋ ቀን ሁሉም ይቀመጣል። የመፍቻው፣ የመሰላሉና የመሰርሰሪያው ዋጋም ከዚያችው ከ300 ብሯ ነው የሚወጣው።

እንግዲህ ባለቤቷ ተከራክራ 600 ብሩን 350 ብታደርገው ምን ይሆናል? ባለሙያው ለ50 ብር አይሠራም። የጎደለውን ሌላ ቦታ ይፈልጋል። አንዳንዱ ደንበኛውን ወደ አንድ የታወቀ ሱቅ ወስዶ ከባለሱቁ ድርሻውን ይቀበላል፤ ያው ብር በዕቃው ዋጋ ላይ ተጨምሮ ተመልሶ ይመጣል። አንዳንዱ ባለ ሁለት ዓመቱን ዕቃ ትቶ ባለ ሁለት ወሩን ይገጥማል። አንዳንዱ ቀብድ ተቀብሎ ሌላ ሥራ ሲያገኝ ይጠፋል። ይህ ሁሉ ነውር ነው፤ መታገሥም የለበትም። ነገር ግን ከሰማይ የወረደ ጠባይ አይደለም። ፊት ለፊት የተነፈገ ዋጋ በጓሮ በር ይገባል። ደንበኛው ያተረፈ እየመሰለው ይከፍላል፤ የከፈለውንም አያውቀውም።

የእጅ ዋጋ ምን እንደሚገዛ ለማየት የእንጀራ ምጣድን መውሰድ ይበቃል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ገደማ ነው። ለአምፖል ተብሎ የተዘረጋ ባለ 1.5 ሽቦ ላይ ያንን ምጣድ የሚሰካ ሰው ግድግዳው ውስጥ እሳት እያነደደ ነው። ዕውቀት ያለው ኤሌክትሪሺያን ከቆጣሪው ጀምሮ ለምጣዱ ብቻ ወፍራም መስመር ይዘረጋል፣ የራሱን ብሬከር ያደርግለታል። ዕውቀት የሌለው ደግሞ ብሬከሩ ሲወርድበት በትልቅ ብሬከር ይለውጠዋል፤ ምጣዱም ይሠራል፣ ደንበኛውም ያመሰግነዋል። የሁለቱ ዋጋ ልዩነት በሥራው ዕለት ትርፍ ወጪ ይመስላል፤ ልዩነቱ የሚታወቀው ጭስ የሸተተ ቀን ነው። «ሥራን ለሠሪው፣ እሾህን ላጣሪው» የተባለው ለዚህ ነው።

ዋጋውን በመፍራት መተውም የራሱ ሂሳብ አለው። በሰከንድ አንድ ጊዜ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በቀን ወደ 20 ሊትር ያፈሳል፤ አንድ ጀሪካን ሙሉ ማለት ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ቆላ ውስጥ በየቀኑ አንድ ጀሪካን መሬት ላይ የሚደፋ ቤተሰብ የለም፤ ቧንቧው ሲደፋው ግን ዝም ይባላል። የጭቃ ቤት ሲሆን ጉዳቱ ይብሳል። ከአንዲት የሚስማር ቀዳዳ የሚወርድ ውኃ ጭቃውን ያራግፋል፣ እንጨቱን ያበሰብሳል፣ ምስጥ ይጠራል። በጥር በአንድ ሚስማርና በጥቂት ማሸጊያ የሚያልቀው ሥራ ለነሐሴ ሲደርስ ቋሚ መለወጥ ይጠይቃል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት በጣሪያም ይሠራል።

ይህ ሁሉ የየትኛውም ከተማ ችግር ነው ሊባል ይችላል። ቆቦ ላይ ግን የሚጨመር ነገር አለ። ከሐምሌ 2013 ጀምሮ ከተማዋ ለወራት በጦርነት ውስጥ አልፋለች፤ በነሐሴ 2014 ጦርነቱ ተመልሶ መጣ፤ ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ ክልሉ በሌላ ግጭት ውስጥ ነው። የተሰበረ በር፣ የተበሳ ቆርቆሮ፣ የተዘረፈ ዕቃ ያልገጠመው ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። ባለሙያ ከምንጊዜውም በላይ የሚያስፈልግበት ወቅት ነው። በዚሁ ወቅት የራያ ወጣት በአፋር አቋርጦ በጅቡቲ ኦቦክ በኩል የመንን አልፎ ሳዑዲ ለመግባት ይሞክራል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ፍልሰተኞችን መግደላቸውን ገልጿል። መንገዱ እንዲህ መሆኑን የማያውቅ ቤተሰብ ራያ ውስጥ የለም። ይሁንና ብየዳ የተማረ ልጅ በወር ስንት ቀን ሥራ እንዳገኘ፣ ከስንቱ ጋር እንደተጨቃጨቀ፣ ስንቱ «ነገ እሰጥሃለሁ» ብሎ እንዳስቀረበት ሲቆጥር መንገዱን ይመርጣል። የሚሄድበት ምክንያት ብዙ ነው፤ አንዱ ግን የሰፈሩ ሰው እጅ ውስጥ ያለ ነው። ልጁ ከሄደ በኋላ የቀረው ባለሙያ ጥቂት ነው፤ የጥቂት ሰው ዋጋ ደግሞ ይወጣል እንጂ አይወርድም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሦስት ነገሮች ከማንም በጀት ሳይጠብቁ ሊጀመሩ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ዋጋውን ከፋፍሎ መነጋገር ነው፦ መጥቶ ለማየት ይህን ያህል፣ ለእጅ ይህን ያህል፣ ዕቃው ደግሞ ከሱቅ ደረሰኝ ጋር። ስዊድን ውስጥ መንግሥት ለቤት ጥገና የግብር ቅናሽ ሲሰጥ ቅናሹን የሚያሰላው በእጅ ዋጋው ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ባለሙያው የእጁንና የዕቃውን ዋጋ ለይቶ መጻፍ ግድ ይለዋል። ቆቦ ላይ ያ ቅናሽ የለም፤ መለየቱን ግን ማንም አይከለክልም። ሕጉም አለ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2610 እንዲህ ያለውን ውል ሲተረጉም ሠሪው በራሱ ኃላፊነት አንድ ውጤት ለማስገኘት የሚገባው ግዴታ ያደርገዋል። ውጤቱ የማያፈስ ቧንቧ ነው፤ ቁልፍ ማዞር አይደለም። በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ የሥራው ዓይነት፣ ዋጋው፣ «በአንድ ወር ውስጥ ቢያፈስ ያለ ክፍያ ተመልሼ እሠራለሁ» የሚል ቃልና ሁለት ፊርማ ይበቃል። ያንን የሚፈርም ባለሙያ የጠየቀው ዋጋ ይገባዋል።

ሁለተኛው ቅሬን መጠቀም ነው። በትልልቅ ከተሞች ባለሙያና ደንበኛን በስልክ መተግበሪያ የማገናኘት ሥራ ተጀምሯል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ለረጅም ጊዜ የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠበት ክልል ግን ተስፋን በመተግበሪያ ላይ መጣል አይቻልም። ቅሬው ሰዎቹን ያውቃል፤ ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን በጋራ ገዝቶ ያስተዳድራል። ረጅም መሰላልና መሰርሰሪያ ጨምሮ መግዛት አያቅተውም። ከሁሉ በላይ የሰፈሩን ጥቃቅን ሥራ ሰብስቦ በአንድ ቀን ማሠራት ይችላል። ወደ ስሌቱ እንመለስ። አምስት ቤቶች በአንድ ቀን እያንዳንዳቸው 350 ብር ቢከፍሉ 1,750 ብር ይሆናል። ለባጃጅ 50፣ ለረዳት 200 ቢወጣ ለባለሙያው 1,500 ብር ይተርፈዋል። እያንዳንዱ ቤት 250 ብር ቀነሰለት፤ ባለሙያው በቀን ያገኝ የነበረው አምስት እጥፍ ሆነ። ልዩነቱ የመጣው ከማንም ኪስ አይደለም፤ በመንገድና በመጠበቅ ይባክን ከነበረው ጊዜ ነው። ቀብድ ይዞ የሚጠፋም አይኖርም፤ አምስቱም ቤቶች ያውቁታላ። የመክፈል አቅም የሌላቸው አረጋዊ ቤት ደግሞ ስድስተኛ ሆኖ ሊገባ ይችላል፤ ደቦ የሚያውቅ አገር ይህ አይከብደውም።

ሦስተኛው ወቅቱን መቀየር ነው። ሁሉም ሰው ጣሪያውን የሚያስበው ሰኔ ላይ ነው፤ ያኔ ባለሙያው ይሻማል፣ የቤቱ ገንዘብም አልቋል። ማሽላው ተሰብስቦ እህል ወደ ገበያ በሚወጣበት በጥርና በየካቲት ግን ባለሙያው ሥራ ይፈልጋል፣ ጣሪያውም ደረቅ ነው። ያው ሥራ ያኔ በርካሽ ይሠራል።

ባለሙያዎቹም የራሳቸው ድርሻ አለባቸው። «ነገ እመጣለሁ» ብሎ መቅረት፣ ስልክ ማጥፋት፣ የማያውቁትን ሥራ አውቃለሁ ማለት የአንዱን ስም ብቻ ሳይሆን የሁሉንም ዋጋ ያወርዳል። የእጅ ሥራ በዚህ አገር ቀጥቃጭና ፋቂ እየተባለ ለዘመናት ሲናቅ ኖሯል፤ ክብሩን ማስመለስ የሚቻለው ደንበኛው የእጁን ዋጋ ሲከፍል፣ ባለሙያውም ለሥራው ሲቆም ነው። ከሁለቱ መጀመር የሚቀለው ለደንበኛው ነው፤ በሚቀጥለው ድርድር «ስንት ትቀንሳለህ?» ከማለት በፊት «የእጅህ ስንት፣ የዕቃው ስንት፣ ቢበላሽስ ትመለሳለህ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ነገር ይለወጣል።