እስከ መቼ «እንግዳ»? በአጭር ቪዛ መመላለስና የሚያስከፍለው ዋጋ



ከዓለም ከተማ ወደ አዲስ አበባ የሚነሣ ሰው መጀመሪያ ቁልቁል ነው የሚወርደው። መኪናው ወደ ጀማ ወንዝ ሸለቆ ይወርድና ድልድዩን ተሻግሮ በወዲያኛው ወገን ወደ ለሚ ይወጣል፤ ከዚያም ሙከጡሪ ላይ ዋናውን አስፋልት ይይዛል። ይህን መንገድ ከሚይዙት መካከል መድረሻቸው አዲስ አበባ ያልሆነ ወጣቶች፣ በተለይም ሴት ልጆቻችን አሉበት። እስቲ አንዷን በዓይነ ኅሊናችን እንመልከት። ቦርሳዋ ውስጥ ፓስፖርት አለ፤ ስልኳ ውስጥ ደግሞ ደላላ የላከላት አንድ ወረቀት አለ። ወረቀቱ «የጉብኝት ቪዛ» ይላል። ልጅቱ ግን የምትሄደው ለጉብኝት አይደለም። ይህን እርሷም ታውቃለች፣ አባቷም ያውቃሉ፣ ደላላውም ያውቃል፣ ዱባይ ላይ የምትጠብቃት ማዳምም ታውቃለች። የማያውቀው መዝገቡ ብቻ ነው።

ዛሬ ልናነሣው የወደድነው ጉዳይ ይህ ነው። በአጭር ቪዛ ገብቶ፣ ቀኑ ሲያልቅ ወጥቶ፣ እንደገና በአጭር ቪዛ መግባት ለብዙ ቤተሰብ እንደ መንገድ እየተቆጠረ መጥቷል። ለመሆኑ መንገድ ነውን? የሚያደርሰውስ ወዴት ነው?

ምልልሱ እንዴት ይሠራል?

የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ለጎብኚ የሚሰጡት የተለመደው ቪዛ የ30 ወይም የ60 ቀን ነው። ደላላው ለቤተሰቡ የሚነግረው እንዲህ ነው፦ «በቪዚት ትግባ፤ እዚያ ሥራ እናስይዛታለን፤ አሠሪዋ ቪዛውን ይለውጥላታል።» አንዳንዴ ይህ ይሆናል። ጎብኚ ሆኖ የገባ ሰው ቀጣሪ አግኝቶ፣ ቀጣሪው የሥራ ፈቃድ አውጥቶለት ሕጋዊ የሚሆንበት አሠራር አለ። ችግሩ ፈቃዱ ሳይወጣ ሥራው መጀመሩ ነው። ማዳም «ቆይ፣ መጀመሪያ ሥራሽን ልየው» ትላለች። ቀኑ ያልቃል። ያን ጊዜ ቪዛው በገንዘብ ይራዘማል፣ ወይም ልጅቱ ወደ ጎረቤት አገር ወጥታ በአዲስ ቪዛ ትመለሳለች። ሁለት ሁለት ወር እያሉ አንድ ዓመት ለመኖር 6 ቪዛ ያስፈልጋል። የእያንዳንዱን ዋጋ የምትከፍለው ደግሞ ገና ዕዳዋን ያልጨረሰችው ልጅ ናት።

መውጣት ካልቻለችስ? እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ቅጣቱ በቀን 50 ድርሃም ሆኖ ተወስኗል። በወር 1,500፣ በስድስት ወር 9,000 ድርሃም ይሆናል። እያንዳንዱ ያለፈ ቀን መመለሻዋን ያርቀዋል። «ትንሽ ሠርቼ ቅጣቴን ከፍዬ እወጣለሁ» ብላ የቆየች ልጅ፣ በቆየች ቁጥር የምትከፍለው ይበዛባታል።

እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ ሲሰነብት መዳብ ይሆናል ይላሉ አባቶቻችን። የጉብኝት ቪዛም እንዲሁ ነው። ለእንግዳ የተሰጠ ክብር ለነዋሪ ከለላ አይሆንም።

የኪሽ ደሴት ትዝታ

ነገሩ ትናንት የተጀመረ አይደለም። በ2000ዎቹ ዓመታት በዱባይና በሻርጃ የሚኖሩ የብዙ አገር ድሆች ቪዛቸው ሲያልቅ ባሕረ ሰላጤውን ተሻግረው የኢራን ወደምትሆነው ኪሽ ደሴት ይበሩ ነበር። ደሴቲቱ ነጻ የንግድ ቀጠና ስለሆነች ለመግባት ቪዛ አትጠይቅም። ሰው እዚያ ሆኖ አዲሱን ቪዛ ይጠብቅና ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2004 ከኪሽ የተነሣ አንድ አውሮፕላን ሻርጃ ሊያርፍ ሲል ወድቆ ከ46ቱ ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 43ቱ አለቁ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ኤምሬቶች የቪዛ ደንባቸውን ሲለውጡ፣ ደርሶ መልስ ብለው የወጡ ብዙ ሰዎች፣ በተለይ ፊሊፒናውያን፣ በኪሽና በኦማኗ ቡራይሚ ለሳምንታት ተንጠልጥለው ቀሩ። ወደ ሥራቸው መመለስ አልቻሉም፤ ወደ አገራቸው እንዳይሄዱም ገንዘብ አልነበራቸውም።

ከዚህ የምንማረው ምንድር ነው? በአጭር ቪዛ የሚመላለስ ሰው ኑሮው የተመሠረተው በሌላ መንግሥት የአንድ ቀን ውሳኔ ላይ ነው። ደንቡ ሲለወጥ የሚያማክረው የለም። የተለወጠውም አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ቪዛው ካለቀ በኋላ ይሰጥ የነበረው የ10 ቀን ማስታገሻ እ.ኤ.አ. በ2023 ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 2024 ጊዜው ላለፈበት ሁሉ የምሕረት ጊዜ ታውጆ፣ የወጣ ያለ ቅጣት ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ግን ቁጥጥሩ ጠበቀ። ያለ ሥራ ፈቃድ ሰው የሚያሠራ ቀጣሪ ላይ የተጣለው ቅጣትም በዚያው ዓመት ከ100 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ድርሃም ደርሷል።

እንግዳ ሠራተኛ አይደለም

አንባቢ ሆይ፣ የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። የኤምሬቶች የ2022 የቤት ሠራተኞች ሕግ ለቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት፣ በቀን 12 ሰዓት ዕረፍት፣ በዓመት 30 ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ መታወቂያ ሰነዷንም ራሷ ትይዛለች ይላል። ሕጉ በተግባር ምን ያህል ይጠበቃል የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ የተጻፈው ውል ላላት ሠራተኛ ነው። በጉብኝት ቪዛ ያለች ልጅ በሕግ ፊት ሠራተኛ አይደለችም። ደመወዟ ቢከለከል ልትከስ የምትሄድበት ቢሮ መጀመሪያ የሚጠይቃት «የሥራ ፈቃድሽ የት አለ?» ብሎ ነው። አቤቱታዋ ራሷን ማጋለጫ ይሆናል። የነዋሪነት መታወቂያ ስለሌላት የባንክ ሒሳብ መክፈትም ሆነ በስሟ ቤት መከራየት ይቸግራታል። ብትታመም የሚሸፍናት የአሠሪ ኢንሹራንስ የለም። ክፉ አሠሪ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ብዙ ጊዜ በቪዚት የገባችውን የሚመርጠውም ስለዚሁ ነው።

የአገራችንም ሕግ እንዲሁ ነው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 1246/2013 የተሻሻለው፣ ሠራተኛ የሚላከው ኢትዮጵያ ስምምነት ወደ ተፈራረመችበት አገር እንዲሆን ደንግጓል። የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ቲኬቱን፣ የሥራ ፈቃዱንና የኢንሹራንሱን ወጪ አሠሪው እንዲሸፍን ያዛል። ሠራተኛዋ የምትችለው እንደ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ ያሉትን ነው። እንግዲህ ልብ በሉ! ደላላው «ለቪዛ» ብሎ ከአባትዮው የሚቀበለው ገንዘብ በሕጋዊው መንገድ ቢሆን ኖሮ የአሠሪው ዕዳ ነበር። በሬው የተሸጠው ሌላ ሰው ሊከፍለው ለሚገባ ዕዳ ነው።

ታዲያ ለምን ይመረጣል?

«ይህን ሁሉ እያወቁ ለምን ይሄዳሉ?» ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። ነገር ግን ልጆቹን ሞኞች አድርጎ ማየት እውነቱን መሳት ነው። ሕጋዊው መንገድ ሥልጠና፣ የብቃት ምዘና፣ ምዝገባና ወረፋ አለበት። ደላላው ግን በሳምንት ውስጥ ወረቀት ያመጣል። መንግሥት ራሱ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ዓረብ አገር መሄድን ከልክሎ፣ እገዳው የተነሣው በ2010 ዓ.ም. ነበር። እገዳው በወጣ ማግሥት ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን አባርራ ልካለች። ሕጋዊው በር ሲዘጋ የሕዝቡ ችግር አብሮ አልተዘጋም፤ በጓሮ መሄድ ተለመደ። በሩ ከተከፈተ በኋላም የጓሮው ልማድ አልቀረም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ደግሞ ለወጣቱ አገር ቤት የመቆየትን ተስፋ ይበልጥ አጥብቦበታል።

የኅሊናው ጉዳይም አለ። ቀደም ባሉት ዓመታት ስማቸውን ለውጠው በዑምራ ቪዛ ሳዑዲ የገቡ ክርስቲያን እኅቶች ታሪክ ለብዙዎቻችን አዲስ አይደለም። በፓስፖርት ላይ እጅ ተጭኖ የተጸለየላት ልጅ፣ በመስኮቱ ፊት ቆማ «ለምን መጣሽ?» ስትባል «ለጉብኝት» ማለት አለባት። ይህን ሸክም በ20 ዓመት ልጅ ጫንቃ ላይ የጫንን እኛ ታላላቆቿ መሆናችንን አንርሳ።

የእናቶችም በር ጠበበ

ነገሩ የዓረብ አገር ብቻ መስሎ የሚታየው ካለ ወደ ሌላው ወገን ይመልከት። ዓለም ከተማ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፋተርሽቴተን ከምትባል የጀርመን ከተማ ጋር በወዳጅነት የተሳሰረች ናት። እንዲህ ያለ ወዳጅነት የሚኖረው ሰው ሲጠያየቅ ነው። በአውሮፓ የሸንገን አገሮች ጎብኚ በማናቸውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቆየት አይፈቀድለትም። ቀድሞ ሄዶ በጊዜው የተመለሰ ሰው ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ ማግኘት ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ግን የአውሮፓ ኅብረት ለኢትዮጵያውያን ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጥና የማመልከቻው መልስ መደበኛ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን እንዲረዝም ወሰነ። የሰጠው ምክንያት ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎችን መልሶ በመቀበል የኢትዮጵያ መንግሥት በበቂ አልተባበረም የሚል ነው። ቅጣቱ ያረፈው ግን ሄደው በተመለሱት ላይ ጭምር ነው።

በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠው አብዛኛው ጊዜያዊ ቪዛ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባና ለ3 ወር የሚያገለግል እንዲሆን አስታወቀች። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። 3 ወሩ በሩ ክፍት የሚሆንበት ጊዜ ነው። ከገቡ በኋላ የሚቆዩትን ቀን የሚወስነው ኤርፖርት ላይ ያለው ሹም ነው። ከዚህ ቀደም ልጇ ስትወልድ ለአራስ ጥየቃ ሄዳ፣ ገንፎ አገንፍታ፣ የልጅ ልጇን አቅፋ በጊዜዋ የተመለሰች እናት በዚያው ቪዛ ዳግመኛ መሄድ ትችል ነበር። በአዲሱ ደንብ ግን ለእያንዳንዱ ጉዞ እንደ አዲስ መክፈልና ቃለ መጠይቅ መቅረብ ይኖርባታል።

ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው የቆየው ስደተኛ ብቻ ነው አንልም፤ የመንግሥታት ፖለቲካ አለበት። ነገር ግን ቪዛ የተቋቋመው በመተማመን ላይ ነው። መተማመኑ ሲጎድል ሒሳቡ የሚወራረደው ምንም ባላጠፋች እናት ላይ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ልጁን ሊልክ የተነሣ ቤተሰብ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት እነዚህን ይጠይቅ። ቪዛው ላይ የተጻፈው «ሥራ» ነው ወይስ «ጉብኝት»? ወኪሉ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ አለው ወይ? ልጅቱ በሚኒስቴሩ የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት ተመዝግባለች? የአሠሪዋ ስምና ደመወዟ ያለበት የተፈረመ ውል በእጇ አለ? ቲኬቱን የቆረጠው ማን ነው? ለእነዚህ መልስ የሌለው ደላላ ልጅቱን የሚልካት ወደ ሥራ ሳይሆን ወደ ዕዳ ነው።

አሁን እዚያው ያላችሁ እኅቶችና ወንድሞች ደግሞ፣ ቀኑ ሳያልፍ ቪዛችሁ ላይ የተጻፈውን ቀን እወቁ። ያለፈባችሁ ካላችሁ ቅጣቱ እስኪከመር አትጠብቁ፤ አቡ ዳቢ ያለውን ኤምባሲያችንን ወይም ዱባይ ያለውን ቆንስላ አነጋግሩ። የፓስፖርታችሁን ቅጂ ለቤተሰብ ላኩ።

አብያተ ክርስቲያናትና ዕድሮችም «በር ተከፈተልኝ» ብላ የመጣችን ልጅ እልል ብለው ከመሸኘታቸው በፊት የበሩን ዓይነት ይጠይቋት። መጠየቅ እምነት ማጣት አይደለም፤ ፍቅር ነው።

የጀማን ወንዝ የሚያውቅ የመርሐቤቴ ሰው፣ ድልድይ በሌለበት ቦታ ክረምት ሲገባ ጥልቀቱን ሳይጠይቅ አይሻገርም። «ትናንት እገሌ ተሻግሮ ነበር» ቢሉትም ዛሬ ሞልቶ እንደ ሆነ ያያል። ልጆቻችንን የምንልክበትንም ውኃ እንዲሁ አስቀድመን እንየው።