ጆሮ ቀስሮ ማደር

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ፈሪ ያልነውን ሰው ለመሸርደድ ነው። እባቡ ገና ከግቢው ያልወጣ እንደሆነስ?

የምዕራብ ደቡብ ወሎ ሰው ነገር ይኸው ነው። በ2014 ጥቅምት ማብቂያ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች ተያዙ፤ ኅዳር ሲያልቅ ተመለሱ። ያ ድንጋጤ ሳይበርድ በ2015 ማብቂያ በመንግሥት ጦርና በፋኖ መካከል ሌላ ውጊያ ተነሣ። ከቦረና እስከ ወግዲ፣ ከሳይንት እስከ ከላላ፣ ሰዉ ጆሮውን ቀስሮ ማደር ለምዷል።

መካነ ሰላም ላይ ቡና አፍልታ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ የምትቀመጥ እናት አትጠፋም። የባጃጅ ጎማ ሲፈነዳ ስኒው ከእጇ ያመልጣል፤ ልጆቿ ማንም ሳያዛቸው አልጋ ሥር ይገባሉ። ጎረቤቷ ደግሞ ተኩስ ሲሰማ ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ «ኧረ ምንም የለም» ይላል። እሷን ፈሪ፣ እሱን ጎበዝ እንላለን።

በፈረንጆቹ 2013 የወጣ፣ በእስራኤል እግረኛ ወታደሮች ላይ የተደረገ ጥናት ግን ይህን ፍርድ ያፈርሰዋል። ፈተናው ቀላል ነው። ኮምፒውተር ላይ አንድ የሚያስፈራና አንድ የማያስፈራ ነገር ብልጭ ብለው ይጠፋሉ፤ ወዲያው ከሁለቱ በአንዱ ቦታ ምልክት ይመጣል። ወታደሩ ምልክቱን የት ላይ ቶሎ እንደሚለይ ታይቶ ልቡ ወዴት እንዳዘነበለ ይታወቃል። ገና ሲመለመሉ፣ አደጋ በሌለበት ሰዓት፣ ከሚያስፈራው አልነቀል ያሉት ኋላ ለድኅረ አደጋ ጭንቀት ይበልጥ ተጋልጠው ተገኙ። ወደ ግዳጅ ሊሄዱ ሲሉ ከሚያስፈራው የሸሹትም እንደዚያው።

እንግዲህ መንቃት በራሱ በሽታ አይደለም፤ የሚጎዳው ጊዜውን ሲስት ነው። ተኩስ ባለበት ቀን በር በር የምታይ እናት አእምሮዋ ሥራውን እየሠራ ነው። አደጋው በሌለበት ዘመድ ቤት ገብታ ከወራት በኋላም እንቅልፍ ካጣች፣ ያየችው በዓይኗ እየተመላለሰ ካስጨነቃት፣ ገበያ መውጣት ከተወች ግን መታከም አለባት።

እኛ የምንላት «እርሺው» ነው። ወሎ አጽናኝ አያጣም፤ ወዳጃው፣ ዱዓው፣ ጸሎቱ አለ። «እርሺው» ማለት ግን ሽሽትን ማስተማር ነው። በአደጋው ማግሥት ከቦ «ንገሪን» ብሎ መወትወትም አይበጅም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክረውም። ስትናገር መስማት፣ ዝም ስትል አብሮ መቀመጥ፣ ገበያ ስትፈራ አብሯት መውጣት ይሻላል።

ተኩሱ ሳይቆም ማንም ሐኪም «ተረጋጊ» ቢላት አታምነውም፤ ልክም ናት። እስከዚያው ጤና ጣቢያው ለራስ ምታቷ ማስታገሻ ሰጥቶ ከመሸኘቱ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቃት፦ ሌሊት ትተኛለች? ከምን ትሸሻለች?