የጎርደን ደረጃና የእኛ መተማ

ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ማርያም በወጣሁ ቁጥር አንድ ሥዕል ትዝ ይለኛል። ሥዕሉ የሚገኘው በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ ነው፤ ጆርጅ ዊልያም ጆይ የተባለ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1893 የጄኔራል ጎርደንን ፍጻሜ የሣለበት። ጎርደን በካርቱም ቤተ መንግሥት ደረጃ አናት ላይ ተረጋግቶ ቆሟል፤ ጦር የጨበጡት ድርቡሾች ከሥር ወደ እርሱ ያንጋጥጣሉ። ከላይ ክርስቲያን ሰማዕት፣ ከታች ስም የለሽ መንጋ።

ጎርደን በጥር 1877 ዓ.ም. እንዴት እንደተገደለ የሚናገሩት ምስክሮች አይስማሙም፤ ሲታኮስ ወደቀ የሚሉም አሉ። የእንግሊዝ ሕዝብ ግን ደረጃውን መረጠ። እ.ኤ.አ. በ1898 ኪችነር ኦምዱርማን ላይ 10 ሺህ ያህል ሱዳናውያንን በአንድ ቀን ሲፈጅ የጎርደን ደም ተመለሰ ተባለ።

ይህ ለጉለሌ ነዋሪ ምኑ ነው? ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ላይ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት፣ ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ በዚያው በድርቡሽ ጦር ስለወደቁ ነው። የንጉሠ ነገሥቱም ራስ ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ለእርሳቸው ግን በሊድስ ደረጃ አልተሣለላቸውም።

ሥዕሉ የደበቀው ውሉን ነው። በ1876 ዓ.ም. እንግሊዝ አድሚራል ሂወትን ወደ አድዋ ልካ ከዮሐንስ ጋር ተዋዋለች፤ በድርቡሽ የተከበበው የግብፅ ጦር በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጣ ንጉሡ ይረዳሉ፣ በምላሹ ቦጎስ ይመለስላቸዋል፣ ምጽዋም ለንግዳቸው ክፍት ትሆናለች። ዮሐንስ ቃላቸውን ጠበቁ፤ ራስ አሉላ በመስከረም 1878 ዓ.ም. ኩፊት ላይ ከድርቡሽ ጋር ተዋጋ። እንግሊዝ ግን ጎርደን በሞተ በቀናት ውስጥ ጣሊያን ምጽዋን ስትይዝ እሺ ብላ ነበር። የውሉ ዕዳ የተከፈለው በጥር 1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ነው። በእኔ አስተያየት የሃይማኖት ጦርነት የምንለው ከግማሽ በላይ የውል ክህደት ነው።

ፈረንጁን ብቻ መውቀስ ግን ቀላል ነው። የእኛስ ሠዓሊዎች? በአገራችን የአሣሣል ልማድ ወዳጅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ይሣላል፣ ጠላት በጎኑ፣ በአንድ ዓይን። በዚህ ልማድ የተሣለ መተማ መስቀልና ጨረቃ ሲጋጠሙ ያሳያል እንጂ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ መገደዳቸውን አያሳይም። ዮሐንስን ስለምናከብር ይህን መሸፈን አለብን የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ አልስማማም።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ደግሞ ደብዳቤው ነው። ዮሐንስ ከመተማ በፊት ለድርቡሹ የጦር አዛዥ ለሐምዳን አቡ አንጃ ጽፈው ነበር፤ ድሃው በከንቱ አይለቅ፣ የጋራ ጠላታችን አውሮፓውያን ናቸው፣ በእነርሱ ላይ እንተባበር የሚል። የመጣላቸው መልስ ስድብ ነበር። አብዛኛው ተማሪ የንጉሡን ራስ መቆረጥ ያውቃል፤ ይህን ደብዳቤ የሚያውቅ ግን ስንቱ ነው?

በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ጎንደር ውስጥ በአንድ የሙስሊም አባት ቀብር ላይ ሰዎች ተገደሉ፤ በቀናት ልዩነት በስልጤ ዞን አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። የዚያን ሰሞን በስልኬ የደረሱኝ ምስሎች ሁሉ በአንድ ዓይን የተሣሉ ነበሩ። ክርስቲያኑ የላከልኝ የተቃጠለውን ቤተ ክርስቲያን ብቻ፣ ሙስሊሙ የላከልኝ የቀብሩን ሟቾች ብቻ።

ገንዘብ ቢኖረኝ አንድ ሥዕል አሠርቼ ለእንጦጦ ማርያም ሙዚየም እሰጥ ነበር፤ ጦር የለበትም፣ ደረጃም የለበትም። ዮሐንስ ጸሐፊያቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ያንን ደብዳቤ ሲያስጽፉ፤ በሌላው ወገን አቡ አንጃ ደብዳቤውን ሲያስነብብ፤ እርሱም በሁለት ዓይኑ ተሥሎ።