ኦክስናርድ ተጠየቀ፤ ካሉብስ?

እ.ኤ.አ. በ2007 የጸደይ ወራት እኛ የሎስ አንጀለስ ኢትዮጵያውያን ስንገናኝ ወሬያችን አንድ ብቻ ነበር፤ ቃሊቲ የታሰሩት የቅንጅት መሪዎች። ፌርፋክስ ላይ የቀረበልን ቡና በክርክር መሀል ሳይቀዘቅዝ የጠጣንበትን ቀን አላስታውስም። በዚያው ሰሞን ከምኖርባት ከበርባንክ መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ ኦክስናርድ በምትባለው የእንጆሪ ለቃሚዎች ከተማ ሌላ ትግል ይካሄድ ነበር። እኔ የሰማሁት ካለቀ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢ.ኤች.ፒ. ቢሊተን የተባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ የተፈጥሮ ጋዝ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ድረስ አቀዝቅዞ፣ ፈሳሽ አድርጎ፣ በመርከብ ወደ ካሊፎርኒያ ሊያመጣ አሰበ። ከዳርቻው 22 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ በሚቆም ተንሳፋፊ ወደብ ላይ ፈሳሹ ተመልሶ ጋዝ ይሆንና በቧንቧ ወደ የብስ ይገባል። ወጪው 800 ሚሊዮን ዶላር ተገምቶ ነበር። የማሊቡ የፊልም ተዋንያን ሲቃወሙ በቴሌቪዥን ስለታዩ ብዙ ሰው ጉዳዩን የሀብታም ቅብጠት አድርጎት ነበር። ቧንቧው የሚወጣው ግን በኦክስናርድ በኩል ነው፤ ነዋሪዋ በአብዛኛው ላቲኖ፣ ብዙው የእርሻ ሠራተኛ።

ኤፕሪል 9 ቀን የክፍለ ግዛቱ የመሬት ኮሚሽን እዚያው ኦክስናርድ ድረስ ሄዶ ሕዝቡን አዳመጠ፤ ከዚያም ዕቅዱን 2 ለ 1 ጣለው። በሦስተኛው ቀን የባሕር ዳርቻ ኮሚሽኑ በሙሉ ድምፅ ተቃወመ። በሕጉ መሠረት አገረ ገዢው እምቢ ካለ ዋሽንግተን ልትፈቅድ አትችልም። ሽዋርዜኔገር ሜይ 18 ቀን እምቢ አሉ። (ጋዙማ ሌላ በር አላጣም፤ በዓመቱ ከድንበር ማዶ፣ ሜክሲኮ ውስጥ ኤንሴናዳ አጠገብ የሌላ ኩባንያ ወደብ ተከፈተ።)

አሁን ወደ አገራችን ልመልሳችሁ። በዚያው ወር፣ ኤፕሪል 24 ቀን፣ ኦብነግ ኦጋዴን ውስጥ አቦሌ ላይ የቻይና ነዳጅ ፈላጊዎችን ካምፕ አጥቅቶ 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ተገደሉ። ወያኔ መልስ የሰጠው በጦር ዘመቻና በንግድ እገዳ ነው። ግመሉን ገበያ ማውጣት የተከለከለው አርብቶ አደር ማን ጠየቀው? የካሉብ ጋዝ ከተገኘ፣ ቴኔኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከቆፈረው ወዲህ ንጉሡም ደርግም ወያኔም አልጠየቁትም።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ እኛም አልጠየቅነውም። በየስብሰባው «የአገር ሀብት ለባዕድ ተሸጠ» ብለን ጮኸናል፤ እኔ ራሴ ጽፌያለሁ። ጋዙ ከማን ቤት ሥር እንደሚወጣ፣ የዚያ ቤት ባለቤት ምን እንደሚል አንድ መስመር አልጻፍሁም። እ.ኤ.አ. በ2020 የእንግሊዙ ዘ ጋርዲያን የካሉብ አካባቢ ሰዎች ምንነቱ ባልታወቀ በሽታ እየሞቱ መሆኑንና ምክንያቱ የኬሚካል ዝቃጭ ነው እንደሚሉ ሲዘግብ መንግሥት አስተባበለ፤ እኛ ደግሞ በዚያን ጊዜ ስለ ምርጫው እንከራከር ነበር። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ የኦጋዴኑን የፈሳሽ ጋዝ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ምዕራፍ መረቁ። ጥብጣብ ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ።

ባለፈው ሰሞን ፌርፋክስ ላይ አንድ የጅጅጋ ተወላጅ ወዳጄን ይዤ ይህንኑ ሳጫውተው ቆየሁና፣ «ለመሆኑ የአካባቢው ሰው ምን ይላል?» አልኩት። ስኒውን አስቀምጦ አየኝ። «ሃያ ዓመት ተዋውቀናል» አለኝ፤ «ይህን ስትጠይቀኝ የዛሬው የመጀመሪያህ ነው»።