«የተገኘውን ሁሉ እሠራለሁ» ማለት ምን ጎደለው?



ትምህርቱን ጨርሶ መቀጠርን ከመጠበቅ ይልቅ በራሱ ሙያ ሠርቶ ለማደር የወሰነ ወጣት ሊመሰገን ይገባዋል። ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ.) መዲና በገቡ ጊዜ ሰዕድ ኢብን ረቢዕ (ረ.ዐ.) ግማሽ ሀብታቸውን ሊያካፍሏቸው ቢያቀርቡም፣ ዱዓ አድርገውላቸው የጠየቁት የገበያውን መንገድ ነበር። ንግዳቸውንም በደረቅ አይብና በቅቤ ጀመሩ።

የእኛ ወጣት ግን «ምን ትሠራለህ?» ሲባል ብዙውን ጊዜ «የተገኘውን ሁሉ» ይላል። መልሱ ትሕትና ይመስላል፤ ሰሚው ግን ለየትኛው ጉዳይ እንደሚጠራው ስለማያውቅ ሳይጠራው ይቀራል። በቆጂን እንመልከት። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር፣ ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ በማራቶን የኦሎምፒክ ወርቅ አገኙ። የአንድ አካባቢ ልጆች ሲሆኑ ያሸነፉበት ርቀት ግን ለየቅል ነበር።

ለምሳሌ በመድረሳ ዐረብኛ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት አማርኛ የተማረ፣ በቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር የአሰላ ልጅ «ተርጓሚ ነኝ» ቢል ከብዙዎች አንዱ ነው። ከአርሲ ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የሚሄዱ እኅቶች ብዙ ናቸው። ከእነርሱ መካከል ደመወዙን፣ የዕረፍት ቀኑንና የመመለሻ ቲኬቱን ማን እንደሚከፍል ሳይረዱ የሚፈርሙ አሉ። እንግዲህ ያ ወጣት «የዐረብኛ የሥራ ውል ለቤተሰብ አስረዳለሁ» ቢል ዘርፉን አገኘ። ሙያዋን የያዘች እኅት ብትሆን ደግሞ ሴቶቹ ይበልጥ ደፍረው ይጠይቋታል። ዘርፍ የሚገኘው ችሎታችን ከሰው ችግር ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው።

ቀጥሎ ራስን ማስተዋወቅ ይመጣል። አጭር ይሁን፦ «እገሌ እባላለሁ። የሥራ ውል ከዐረብኛ ወደ ኦሮምኛና አማርኛ መስመር በመስመር አስረዳለሁ። አንድ ቀን ይፈጅብኛል፤ ዋጋው ይህን ያህል ነው። ማኅተም ያለው ትርጉም ስትፈልጉ ፈቃድ ወዳለው ቢሮ ሂዱ፤ የሕግ ምክርም አልሰጥም።»

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር እንዳይቀር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ባገኙት ጊዜ ሻጩን ገሥጸውታል፤ እርጥቡን ከላይ አድርጎ ማሳየት ነበረበትና። ስንዴ አምራች ለሆነው ለአርሲ ሰው ይህ ማብራሪያ አያሻውም። ችሎታም እንደ ክምሩ ነው፤ የማንችለውን ከላይ እናሳይ። በስሕተት የተነበበ አንድ መስመር አንዲትን ልጅ ባላሰበችው ግዴታ ውስጥ ሊያስገባት ይችላል።

ይህን መልእክት አስቀድማችሁ ጠባያችሁን ለሚያውቁ ሰዎች፣ ለመስጊዱ ኢማም፣ ላስተማራችሁ መምህር፣ ለሰፈሩ ባለሱቅ ንገሩ፤ በቴሌግራም መበተኑ ከዚያ በኋላ ይድረስ። ያነበባችሁት ውል የሰው ቤት ምስጢር፣ አማና ነው። ሁለተኛውን ደንበኛ የሚያመጣላችሁ የመጀመሪያው ደንበኛ ምስክርነት ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ሐላል ሪዝቅ ይወፍቀን። ወሰላሙ ዐለይኩም።