ቍጥሩ ነው ወይስ ክሩ?

አንድ የቆየ መጽሐፍ እንደገና ሲታተም አስተዋይ አንባቢ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ከየትኛው እትም እንደ ተቀዳ፣ የጐደለ ገጽ እንዳለበትና ማን እንዳረመው ነው። ስለ ወረቀቱ ንጣትና ስለ ሽፋኑ ውፍረት የሚያስበው ከዚያ በኋላ ነው። የሙዚቃ ሸክላ እንደገና ሲወጣ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ ይታያል። ከዛሬ ስድሳ ዓመት በፊትና ከዚያም ቀደም ብሎ አሜሪካ ውስጥ የተቀረጹ የጃዝ ሥራዎች «ከፍተኛ ጥራት ባለው ድምፅ» እየተባሉ በየጊዜው ለገበያ ሲቀርቡ፣ ጎልቶ የሚጻፈው 24 እና 96 ወይም 24 እና 192 የሚል ቍጥር ነው። ሙዚቃው ከየትኛው የቴፕ ክር እንደ ተገለበጠ፣ ክሩ በምን ሁኔታ ላይ እንደ ነበረ፣ የገለበጠው ባለሙያ ምን እንደ ጨመረና ምን እንደ ቀነሰ የሚናገር ጽሑፍ ግን ብዙውን ጊዜ አይገኝም፤ ቢገኝም በደቃቅ ፊደል ከጥግ ተወሽቆ ነው። የእኔ አስተያየት ገዥው ገንዘቡን ሊከፍል የሚገባው ለክሩና ክሩን ለያዘው ሰው ጥንቃቄ ነው የሚል ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ ቍጥሮቹ ምን ማለት ናቸው? ድምፅ የአየር ንዝረት ነው። በዲጂታል ዘዴ ሲቀረጽ ንዝረቱ በየቅጽበቱ እየተለካ ልኩ በቍጥር ይመዘገባል። በ1982 ለገበያ የወጣው ሲዲ ንዝረቱን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱም ልኬት በ16 ቢት ስለሚጻፍ ከ65,536 ደረጃዎች በአንዱ ላይ ያርፋል። ከፍተኛ ጥራት ያለው የሚባለው ዘዴ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ 96,000 ወይም 192,000 ጊዜ ይለካል፤ ልኩንም የሚጽፈው በ24 ቢት ስለሆነ ደረጃዎቹ ከ16 ሚሊዮን በላይ ይሆናሉ። የአንድ ደቂቃ ሙዚቃ በሲዲው ልክ ወደ 10.6 ሜጋባይት ሲይዝ፣ በ192,000 ልክ ግን 69 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። መጠኑ ስድስት እጥፍ ተኩል ከሆነ ሙዚቃውም በዚያው ልክ ይሻላል ብሎ መገመት ለማንም ቀላል ነው።

ሆኖም ሰፊ ጎተራ ውስጥ የገባ እህል ጎተራው ስለ ሰፋ ብቻ አይበዛም። በሰከንድ 44,100 ጊዜ የሚለካ መሣሪያ በሰከንድ እስከ 22,050 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ይይዛል። የጤናማ ወጣት ጆሮ የሚሰማው እስከ 20,000 ገደማ ሲሆን፣ ይህም ዕድሜ በገፋ ቍጥር እየቀነሰ ይሄዳል። በ16 ቢት ጽሕፈት ደግሞ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል ያለው ርቀት ወደ 96 ዴሲቤል ይደርሳል፤ በ1950ዎቹ በስቱዲዮ ይሠራበት የነበረው የቴፕ ክር ግን ከራሱ ሹክሹክታ በላይ ሊይዝ የሚችለው ወደ 70 ዴሲቤል ቢሆን ነው። ስለዚህ የዚያ ዘመን ክር ያለውን ሁሉ ቢሰጥ እንኳ የሲዲውን ጎተራ አይሞላም።

ይህ በንድፈ ሐሳብ ብቻ የቀረ አይደለም። በ2007 በአሜሪካ የድምፅ ምሕንድስና ማኅበር መጽሔት ላይ ሜየርና ሞራን የተባሉ ሁለት ሰዎች የፈተና ውጤት አሳትመው ነበር። ከፍተኛ ጥራት ያለውን ሙዚቃ እያሰሙ፣ አንዳንድ ጊዜ በመካከሉ ድምፁን ወደ ሲዲው ልክ የሚያወርድ መሣሪያ እያስገቡ፣ አድማጮቹ ልዩነቱን እንዲለዩ ጠየቁ። ከ554 ሙከራዎች ትክክል የሆኑት በመቶኛ 49.8 ያህል ነበሩ፤ ሳንቲም ወደ ላይ ወርውሮ ከመገመት አይለይም። በ2016 ራይስ የተባለ ተመራማሪ የ18 ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ሲመረምር ትክክለኛው መልስ በመቶኛ 52.3 ሆኖ አግኝቶታል። ልምምድ ያደረጉ አድማጮች ከዚህ የተሻለ ውጤት ስላገኙ ልዩነቱ ከቶ የለም ማለት አይቻልም። ቢሆንም በጣም ጠባብ ነው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የ2007ቱ ጸሐፊዎች ያከሉት አንድ ቃል ነው፤ ይኸውም ለፈተናው የተጠቀሙባቸው ከፍተኛ ጥራት ያላቸው እትሞች ከአብዛኞቹ ሲዲዎች በእርግጥ የተሻለ ድምፅ እንደ ነበራቸው መስክረዋል። ምክንያቱንም ሲያስረዱ እነዚህን እትሞች የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ድምፁን ያለልክ እንዲያስጮኹት ስለማይገደዱ፣ በነጻነትና በጥንቃቄ ስለሚሠሩ ነው አሉ። እንግዲህ ሰዎች «ቍጥሩ አማረ» የሚሉት ብዙ ጊዜ የባለሙያው እጅ ያመጣው ውበት ነው ማለት ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚያስረዳው የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ታሪክ ነው። ይህ ሥራ የተቀረጸው በ1959 መጋቢት 2 እና ሚያዝያ 22 ቀን፣ በኒው ዮርክ ከተማ፣ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረው የኮሎምቢያ ኩባንያ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ከትራምፔት ተጫዋቹ ከማይልስ ጋር ጆን ኮልትሬንና ካኖንቦል አደርሊ ሳክስፎን፣ ቢል ኤቫንስ ፒያኖ (በአንዱ ሙዚቃ ላይ ዊንተን ኬሊ)፣ ፖል ቼምበርስ ባስ፣ ጂሚ ኮብ ድራም ተጫውተዋል። በመጀመሪያው ቀን ዋናው የድምፅ መቅረጫ ክሩን ከሚገባው በጥቂቱ አዘግይቶ ያሽከረክር ነበር። በዝግታ እየሄደ የተቀረጸ ክር በኋላ በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወት ድምፁ ይፈጥናል፣ ይቀጥናልም። በዚህ ምክንያት በሸክላው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያሉት ሦስት ሙዚቃዎች ከግማሽ ድምፅ ባነሰ መጠን ከፍ ብለው ወጡ። ሥራው በዓለም ዙሪያ ተሸጠ፣ ተወደሰ፣ በትምህርት ቤት ተጠና፤ ከሸክላው ጋር አብሮ ለመለማመድ የፈለገ ተማሪ ግን መሣሪያው የተቃኘበት ድምፅ ከሸክላው ጋር አልገጥም ይለው ነበር።

ስሕተቱ የታረመው ከ33 ዓመት በኋላ በ1992 ነው። በቀረጻው ዕለት ከዋናው መቅረጫ ጎን ለመጠባበቂያ የሚሠራ ሌላ መቅረጫ ነበር፤ ያኛው ፍጥነቱ ትክክል ስለ ነበረ፣ የዚያ መጠባበቂያ ክር ወጥቶ ለአዲሱ እትም መነሻ ሆነ። ልብ በሉ! ያ የታረመ እትም የወጣው በተራ የሲዲ ልክ ነው። የተሳሳተውን ክር በሰከንድ 192,000 ጊዜ ለክቶ የገለበጠ ሰው ቢኖር ኖሮ ስሕተቱን ራሱን በታላቅ ትክክለኛነት ባስቀመጠው ነበር። መጋዘን ውስጥ ገብቶ ሁለቱን ክሮች ጎን ለጎን ያስተያየ ሰው ያበረከተውን አንድም ቍጥር ሊያበረክተው አይችልም።

የክር ዕጣ ፈንታ ደግሞ ሁልጊዜ ይህን ያህል ደግ አይደለም። ጆን ኮልትሬን በ1964 ታኅሣሥ ወር የቀረጸው «ኤ ላቭ ሱፕሪም» በ2002 እንደገና ሲወጣ መነሻ የሆነው በ1965 ወደ እንግሊዝ አገር ተልኮ እዚያ ግምጃ ቤት የቆየ ቅጂ ነበር። በ2008 በሆሊውድ በዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ግቢ በተነሣው ቃጠሎ የመጀመሪያ ክሮች የተቀመጡበት መጋዘን ነደደ። የጠፋው ምን ያህል እንደ ሆነ፣ በ2019 አንድ የኒው ዮርክ ጋዜጣ ዝርዝሩን ሲያወጣ፣ ጋዜጣውና ኩባንያው አልተስማሙም። ክር ከጠፋ በኋላ የሚወጣ እትም ሁሉ የቅጂ ቅጂ ነው፤ ሽፋኑ ላይ የሚጻፈው ቍጥር ግን ከዚህ ጋር አይቀንስም።

ከዚህ ላይ ከፍተኛውን ልክ አጥብቄ የምደግፍበትን ቦታ መናገር ይገባኛል፤ እርሱም ግምጃ ቤቱ ነው። የቴፕ ክር ያረጃል፤ ማጣበቂያው ይላላል፣ መግነጢሳዊው ዱቄት ይረግፋል፣ አንዳንዱ ክር አንድ ጊዜ ከተጫወተ በኋላ ሁለተኛ ላይጫወት ይችላል። ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር የቆየ ድምፅ ለጥበቃ ሲገለበጥ በ24 ቢት፣ በሰከንድም ከ48,000 ባላነሰ ልኬት እንዲሆን ይመክራል፤ 96,000 ቢሆን ይመርጣል። ነገ ማን በምን መሣሪያ እንደሚያጸዳው ስለማይታወቅ፣ ለጆሮ የማይሰማውም ጭምር መቀመጡ ትክክል ነው። ግምጃ ቤት ለልጅ ልጅ ያስቀምጣል፤ አድማጭ ግን ዛሬ ማታ ያዳምጣል። የሁለቱን ፍላጎት ቀላቅሎ የግምጃ ቤቱን ልክ ለአድማጩ በእጥፍ ዋጋ መሸጥ ነው የማይገባው። ደግነቱ አፕል የተባለው ኩባንያ ከ2021 ጀምሮ ይህን ልክ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ለደንበኞቹ ስለሚያቀርብ የዋጋው ክርክር ረገብ ብሏል።

አዲስ ማኅደር በእርግጥ ሙዚቃን የሚጠቅምበት ጊዜም አለ። ኦርኔት ኮልማን በ1960 ታኅሣሥ 21 ቀን ሁለት ባለ አራት ተጫዋች ቡድኖችን በአንድ ስቱዲዮ አቁሞ፣ አንደኛውን ከግራ፣ ሁለተኛውን ከቀኝ እንዲሰማ አድርጎ፣ ወደ 37 ደቂቃ የሚወስድ ያልተቋረጠ ሙዚቃ ቀረጸ። «ፍሪ ጃዝ» የተባለው ይህ ደፋር ሙከራ በአንድ የሸክላ ገጽ ላይ ሳይከፈል ሊወጣ ስላልቻለ ከመካከሉ ተቈርጦ በሁለት ገጽ ወጣ። አድማጩ በሙዚቃው ትኵሳት መካከል ተነሥቶ ሸክላውን መገልበጥ ነበረበት። ሲዲ ሲመጣ ቍርጡ ቀረ። ይህን ጥቅም ለመረዳት ማንም የሰለጠነ ጆሮ አያስፈልገውም።

ይበልጥ የሚያከራክረው እንደገና አውጪው እጁን እስከ የት ሊያስገባ ይገባዋል የሚለው ነው። ማይልስ ዴቪስ በ1969 ነሐሴ ወር የቀረጸውና በ1970 የወጣው «ቢችስ ብሩ» ግማሹ የተፈጠረው ከስቱዲዮው በኋላ ነው። አዘጋጁ ቴዮ ማሴሮ ክሩን በምላጭ እየቈረጠና እየቀጠለ፣ አንዱን ሐረግ እየደጋገመ፣ ተጫዋቾቹ በዚያ ቅደም ተከተል ያልተጫወቱትን ሙዚቃ ሠራ። በ1998 ኩባንያው ሥራውን እንደገና ሲያወጣ ባለሙያዎቹ ወደ ባለ ስምንት መሥመሩ ክር ተመልሰው ድምፆቹን እንደ አዲስ አመጣጠኑ። ድምፁ ጠራ፤ ሚዛኑ ግን ማሴሮ የተወው ሚዛን አልነበረም። ምላጩ ራሱ የድርሰቱ ክፍል በሆነበት ሥራ ላይ እንዲህ ያለው ማጽዳት ከማደስ አልፎ ወደ መድረስ ይጠጋል። እኔ አልከለክለውም፤ ነገር ግን አሮጌው እትም ከገበያ እንዳይጠፋና አዲሱ አዲስ መሆኑ በግልጽ እንዲጻፍ እጠይቃለሁ።

በግልጽ አለመጻፍ የሚያመጣውን ጣጣ በ2022 አይተናል። ሞባይል ፊደሊቲ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በጥንቃቄ የተሠሩ ውድ ሸክላዎችን በመሸጥ የታወቀ ነው። ገዥዎቹ ሸክላዎቹ በቀጥታ ከመጀመሪያው ክር፣ ያለ አንዳች ዲጂታል ደረጃ፣ የተቀረጹ ይመስላቸው ነበር። በዚያ ዓመት ሐምሌ ወር ግን ለብዙ ዓመታት በመካከሉ የዲጂታል ቅጂ ይሠራ እንደ ነበር ተገለጠ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ኩባንያው ወደ 25 ሚሊዮን ዶላር በሚገመት ስምምነት ተጠናቀቀ። የሚያስደንቀው እነዚያን ሸክላዎች ከሁሉ አብልጠው ሲያወድሱ ከነበሩት መካከል ዲጂታል ድምፅን ወዲያው እንለያለን የሚሉ ሰዎች መኖራቸው ነው። ጆሯቸው አልተጎዳም፤ የሰሙት ድምፅ ያማረ ነበር። የተጎዳው እምነታቸው ነው።

ነገሩ ወደ እኛም ይመጣል። ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 በኒው ዮርክ የቀረጸው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» በ2017 ስትራት በተባለው የለንደን ድርጅት እንደገና ሲወጣ፣ በአንድ መሥመር የሚሰማውና በሁለት መሥመር የሚሰማው ቅጂ አብረው ቀርበዋል፤ ከቀረጻው የተረፉ ሙከራዎችም ተጨምረዋል። አድማጩ ሁለቱን አስተያይቶ ራሱ እንዲፈርድ ተፈቀደለት ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን አሠራር ከማንኛውም ቍጥር አብልጬ እወደዋለሁ። ከዚያ ቀደም ብሎ በፓሪስ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ እትም፣ ይልቁንም ለሙላቱ የተሰጠው የ1998ቱ አራተኛ ቅጽ፣ የአዲስ አበባን ሙዚቃ ለዓለም ጆሮ ያደረሰው በተራ ሲዲ ነው።

አመሐ እሸቴ በ1969 የሸክላ ድርጅቱን ካቋቋመ በኋላ በከተማችን ከወጡት ሸክላዎች መካከል ዛሬም በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ያሉ አሉ። የአንዱ ሙዚቃ ክር ጠፍቶ ከሆነ፣ ከሁሉ የተሻለው ቅጂ በመርፌ ብዙ ያልተፋቀ አንድ ሸክላ ሊሆን ይችላል፤ ያም ሸክላ ሽፋኑ ተቀዶ፣ ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር ተደርቦ፣ ዋጋውን በማያውቅ ሰው እጅ ይገኝ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሸክላ የያዘ ሰው ቆሻሻውን በሻካራ ጨርቅ አይፈትገው፤ ፀሐይ ላይ አያስጣው፤ አጋድሞ ሳይደራርብ ቀጥ አድርጎ ያቁመው። የሚገለብጥ ባለሙያ ሲመጣም ስንት ጊዜ በሰከንድ ትለካለህ ብሎ ከመጠየቁ በፊት መርፌህን አሳየኝ ይበለው።