ስለ ጢስ መውጫና ስለ ማየት ዋጋ

ሰው ለሚሠራለት ሰው ገንዘቡን ሲከፍል እጁ አይከብደውም፤ አጥር ላጠረለት፣ ጣሪያ ለከደነለት፣ የሚያፈስ ቧንቧ ለጠገነለት ሠራተኛ፣ ምንም እንኳ ስለ ዋጋው አስቀድሞ ቢከራከር፣ ሥራው ሲፈጸም ቆሞ የሚያየው ነገር አለና አመስግኖ ይከፍላል። ነገር ግን አንድ ባለሙያ መጥቶ፣ አንዳች ሳይተክልና አንዳች ሳይነቅል፣ አይቶ ብቻ ሲያበቃ የማየቱን ዋጋ ቢጠይቀን፣ እንደ ተበደለ ሰው ፊታችን ይጠቁራል። እኔም በዚህ ነቀፌታ ውስጥ ከሚገኙት አንዱ መሆኔን ሳልሸሽግ፣ ባለፈው የብርድ ወራትና ከዚያ በኋላ በመጣው በጋ በቤቴ የሆነውን ነገር ለአንባብያን ለመተረክ እወዳለሁ።

ቤቱ በሜሪላንድ ግዛት፣ ከዋሽንግተን ከተማ ብዙ በማይርቅ ሰፈር የሚገኝ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት ዓመታት በቀይ ጡብ ከታነጹት አነስተኛ ቤቶች አንዱ ነው። በጎን ግድግዳው ላይ ተደግፎ ከምድር ቤቱ ጀምሮ ከጣሪያው በላይ የሚዘልቀው የጢስ መውጫ፣ ከውጭ ለሚያየው አንድ ምሰሶ ይምሰል እንጂ በውስጡ ሁለት የተለያዩ መንገዶች አሉት፤ አንደኛው የሳሎኑ ምድጃ ጢስ የሚወጣበት፣ ሁለተኛው በምድር ቤት ያሉት፣ በጋዝ የሚነዱት የቤት ማሞቂያና የውሃ ማሞቂያ እንዲተነፍሱበት የተሠራ ነው። ቤቱን ስገዛ የመጣው መርማሪ፣ ዐርባ ገጽ ያህል በሆነው ጽሑፉ ውስጥ፣ የጢስ መውጫው ውስጠኛ ክፍል ለዓይን የማይገለጥ ስለ ሆነ በልዩ ባለሙያ ሊታይ ይገባል የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር አስፍሮልኝ ነበር። እኔ ግን በባንኩ ወለድና በፊርማው ቀን አሳብ ተጠምጄ ስለ ነበር፣ ሰነፍ ዲያቆን ምንባቡን እንደሚዘል ያችን ዐረፍተ ነገር ዘልያት አለፍሁ። በመጀመሪያው የብርድ ወራትም በዚያ ምድጃ ግንዲላ እየማገድሁ፣ ቡናዬን እየጠጣሁ፣ ባለጸጋ የሆንሁ እየመሰለኝ ከረምሁ።

ጥያቄውን ያነሡት አማቴ ናቸው። ከትንሣኤ በዓል በኋላ የልጅ ልጆቻቸውን ሊያዩ ከጎጃም መጥተው ሳሉ፣ አንድ ቀን ከምድጃው ፊት ቆመው ጥቁር አፉን ትክ ብለው ተመለከቱና፣

«ልጄ፣ ይህ ጢስ መውጫው በየት ነው?» አሉኝ።

«በዚህ ግንብ ውስጥ ሽቅብ አልፎ ከጣሪያው በላይ ይወጣል፣ እማማ።»

«ውስጡን ታዲያ ማን ያየዋል?»

«ማንም አያየውም።»

ጥቂት ዝም አሉና፣ «በእኛ ቤት እንኳ ጥቀርሻው ሲንዠረገግ ቀና ብለን እናየው ነበር» ብለው ወደ ማድ ቤት ሄዱ።

ይህ ንግግራቸው ከልቡናዬ አልጠፋም። በሣር ክዳን ቤት ለጢስ የተለየ ጎዳና አይሠራለትም፤ ከምድጃው ተነሥቶ ማገሩን እየዳሰሰ፣ በክዳኑ መካከል እየሾለከ፣ የተረፈው በበሩ ይወጣል፤ በመንገዱም ላይ ሣሩን ከምስጥ፣ ከጣሪያው ሥር የተሰቀለውን የዘር በቆሎ ከነቀዝ ይጠብቃል። ይህን ስል ያለፈውን ሁሉ ለማወደስ አይደለም፤ የዚያ ጢስ ዋጋ የእናቶቻችን ዓይንና ሳንባ እንደ ነበረ፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲያስሉ የሰማን ልጆች እናውቃለን። ይሁን እንጂ ያ ጢስ ጠላት ቢሆን እንኳ ፊት ለፊት የሚመጣ ጠላት ነበር፤ ዓይንን ያስለቅሳል፣ ጉሮሮን ይከረክራል፣ ሰውን ከቤት አስወጥቶ ደጅ ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ በኋላ በከተማ የኖርነው፣ ከሰል በዝግ ክፍል አንድደው የተኙ ሰዎች ሳይነሡ የቀሩበትን ወሬ እየሰማን ስላደግን፣ የማያስለቅሰው ከሚያስለቅሰው ይልቅ የሚፈራ መሆኑን ተምረናል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የሌለው ሲሆን፣ ኦክስጅንን ተሸክሞ በሰውነት ውስጥ ከሚያዞረው የደም ክፍል ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ስለሚጣበቅ፣ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ ትንፋሽ ያጣል። በከሰል ማንደጃ ያወቅነውን ይህን ነገር፣ ወደ ሠለጠነው አገር መጥተን ባለ ጡብ ቤት ስንገዛ እንዴት እንደ ረሳነው ለእኔ እስከ ዛሬ ግልጥ አይደለም። ግንቡ ያሳመነን ይመስለኛል።

በዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ1896 ዓ.ም. የተመሠረተው ብሔራዊው የእሳት መከላከያ ማኅበር ባወጣው 211 ቍጥር ደንብ፣ ማንኛውም የጢስ መውጫ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲመረመር ያዝዛል፤ ምርመራውንም በሦስት ማዕርግ ይከፍለዋል። የመጀመሪያው ምንም ሳይነካ ለዓይን የተገለጠውን ማየት ነው፤ ሁለተኛው ቤት በሽያጭ ሲተላለፍ፣ የሚነደው ነገር ወይም መሣሪያው ሲለወጥ፣ ወይም እንደ እሳትና እንደ ምድር መናወጥ ያለ አደጋ ሲደርስ የሚደረግ፣ ጣሪያ ሥር እየተገባና ካሜራ እየተላከ የሚፈጸም ነው፤ ሦስተኛው ብርቱ ጥርጥር ሲኖር ግድግዳ አፍርሶ እስከማየት ይደርሳል። እንግዲህ እኔ በገዛሁ ጊዜ ይገባኝ የነበረው ሁለተኛው ሲሆን፣ በንዝህላልነቴ አንደኛውም ሳይደረግልኝ ቀርቷል።

በሰኔ ወር የጠራሁት መርማሪ በዕድሜው የገፋ፣ ንግግሩ የተቆጠበ፣ ለጥያቄ ሁሉ በመጀመሪያ «እስቲ እንየው» ብቻ የሚል ሰው ነበር። ሸራ አንጥፎ፣ በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ የታሰረ ትንሽ ካሜራ ወደ ምድጃው ጉሮሮ አገባና፣ እኔንና አማቴን ካሜራው የሚያየውን በሚያሳይ፣ በጠረጴዛው ላይ ባኖረው መስታወት ፊት አስቀመጠን። የገዛ ቤቴን ሆድ ያን ዕለት አየሁት። በሸክላው ግድግዳ ላይ እንደ ቀለጠ ሬንጅ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ነገር ተለጥፏል፤ ክሪዮሶት ይሉታል። እርጥብ እንጨት ሲነድ፣ ወይም እሳቱ አየር ተነፍጎት ሲጨሰጨስ፣ ሳይነድ የቀረው ተን ወደ ላይ ይወጣና ከቀዘቀዘው ግድግዳ ጋር ሲገናኝ ይረጋል፤ መጀመሪያ እንደ ዱቄት ነው፣ ኋላ እንደ ቅርፊት ይሆናል፣ በመጨረሻም እንደ መስተዋት ይጠነክራል። አንድ ቀን ብርቱ እሳት ሲያገኘው ራሱ ይነድዳል፤ ያን ጊዜም በግንቡ ውስጥ ያለው ሙቀት ወደ 1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ እንደሚችልና ሸክላውን እንደሚሰነጥቅ መርማሪው ነገረን። ያነደድሁት እንጨት ስንት ወር የደረቀ እንደ ነበረ ሲጠይቀኝ፣ ከአንድ ጎረቤት በነጻ ያገኘሁት፣ በዚያው መከር የተቆረጠ ዛፍ መሆኑን ለመናገር አፈርሁ። ከመቶ ሃያ እጅ በላይ ውሃ ያለበት እንጨት ለምድጃ እንደማይበቃ የዚያን ቀን ሰማሁ።

ካሜራው ጥቂት ከፍ እንዳለ በድንገት ቆመ። በግድግዳው ላይ በጭራሮ የተሠራች ግማሽ ጻሕል የመሰለች ጎጆ፣ በውስጧም ነጫጭ እንቁላሎች ታዩ። ጎጆዋን የሠራችው ወፍ በዚህ አገር በጢስ መውጫ ስም የምትጠራ፣ እንደ ሌሎች ወፎች በቅርንጫፍ ላይ ቆማ ማረፍ የማይሆንላት፣ ጭራሮውን በምራቋ እያጣበቀች በቆመ ግድግዳ ላይ የምትሠራ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1918 ዓ.ም. የወጣው የስደተኛ አዕዋፍ ሕግ ስለሚጠብቃት፣ ጫጩቶቿን አሳድጋ እስክትሄድ ድረስ ጎጆዋን መንካት አይፈቀድም። መርማሪው ካሜራውን ቀስ ብሎ መለሰው። አማቴ የእኔን የሬንጅ ነገር ረስተው ስለ እንቁላሎቹ ብዛት ይጠይቁ ጀመር።

ነገር ግን እውነተኛው ክፉ ነገር የተገኘው በሳሎኑ ሳይሆን በምድር ቤቱ መንገድ ነው፤ እኔም ይህን ጽሑፍ የጀመርሁት በተለይ ስለዚሁ ነው። ከእኔ በፊት የነበሩት ባለቤቶች አሮጌውን የቤት ማሞቂያ አውጥተው፣ በፕላስቲክ ቱቦ በግድግዳው ቀዳዳ የሚተነፍስ አዲስና ቁጠባ ያለው ማሞቂያ አስገብተዋል። አዲሱ ማሞቂያ የጢስ መውጫውን አይፈልግም። በዚህም ምክንያት ቀድሞ ለሁለቱ ተብሎ የተሠራው ሰፊ መንገድ ለአንዲት የውሃ ማሞቂያ ብቻ ቀረ፤ የሞያው ሰዎችም እንዲህ ያለችውን ማሞቂያ የሙት ልጅ ብለው ይጠሯታል። የእርሷ ጥቂት ትንፋሽ ሰፊውን ግንብ አሙቆ ወደ ላይ ለመውጣት ኃይል ስለሚያንሰው በመንገድ ይቀዘቅዛል፣ ይረጥባል፣ እርጥበቱም አሲድነት ስላለው በሸክላዎቹ መካከል ያለውን ምርጊት ዓመት በዓመት ይበላዋል። በእኔም ቤት የተበላው ምርጊትና የተሰበረው ሸክላ ተንዶ ከግርጌው ተከምሮ፣ የመተንፈሻውን አፍ እኩሌታ ዘግቶት ተገኘ። መርማሪው የውሃ ማሞቂያውን አስነሥቶ አንድ የሚጨስ ክር ከአጠገቡ ያዘ፤ ጢሱ ወደ ቱቦው ሊሳብ ሲገባው፣ እያመነታ ወደ እኛ ዞረ። ምንም ቃል አልተናገረም፤ ጋዙን ዘጋና ቀይ ወረቀት አሰረበት።

አዲሱን የቤት ማሞቂያ ያስገባው ሠራተኛ ሥራውን በደንብ ሠርቷል፤ ማሞቂያውም ዛሬ ድረስ ደኅና ነው። የጎደለው ከሥራው በኋላ የቀረውን ዞሮ የሚያይ ሰው ነበር። በመኝታ ቤታችን መተላለፊያ ላይ የሚጮኽ የጋዝ መጠቆሚያ መስቀል ግዴታ ነው፣ ማንም አይቅር፤ እርሱ ግን የሚናገረው ጋዙ ከገባ በኋላ እንጂ በየት እንደሚመጣ አይደለም።

በዚህ አንጻር የጀርመኖች ሥርዓት ያስደንቀኛል። ጥቁር ልብስና ረጅም ቆብ የሚለብሰው፣ በአዲስ ዓመት ያገኘው ሰው ዕድል አገኘሁ የሚልበት የጢስ መውጫ ጠራጊያቸው፣ ለዘመናት በተከፈለለት ወረዳ ብቻውን ይሠራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ግን ባለቤቱ መጥረጉን ለወደደው ባለሙያ መስጠት ይችላል። ሆኖም ምርመራውን ለገበያ አልተዉትም፤ በ7 ዓመት ውስጥ 2 ጊዜ ወረዳው የተሰጠው ሹም ራሱ እየመጣ በቤቱ ያለውን ማንደጃ ሁሉ እንዲያይ ሕጉ ያስገድዳል። መሥራት ንግድ ሊሆን ይችላል፣ ማየት ግን ሹመት ነው ማለታቸው ይመስለኛል። እንግሊዞች ደግሞ በበኩላቸው ካሜራ በሌለበት ዘመን በዚያ ጠባብ ጉሮሮ ውስጥ ትንንሽ ሕፃናትን ያስገቡ ነበር፤ የለንደኑ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት እ.ኤ.አ. በ1775 ዓ.ም. ጥቀርሻው በጠራጊዎች ላይ የሚያመጣውን የካንሰር ደዌ ከገለጠ በኋላ እንኳ፣ ነገሩ በሕግ ተጠናቅቆ እስኪቆም ድረስ 100 ዓመት ፈጅቷል።

በእኛ አገር ሰዎች ዘንድ ሌላም እንቅፋት አለ፤ እርሱም የተታለለ ሰው ወሬ ነው። በየደጃፉ ከአንድ ምሳ ዋጋ ባልበለጠ እንጠርጋለን የሚል ወረቀት የሚበትኑ፣ ከገቡ በኋላ ግን ጢስ መውጫው ዛሬ ማታ ይፈርስባችኋል ብለው በብዙ ሺህ ዶላር የሚያስፈርሙ ሰዎች በእውነት አሉ። አንድ ወዳጄ እንዲህ ተደርጎ ስለ ከፈለ፣ ከዚያ ወዲህ ባለሙያ የተባለ ሁሉ ሌባ ነው ብሎ ይምላል። እኔ ግን ከዚህ የምማረው ተቃራኒውን ነው፤ እነዚያ ሰዎች ያሳቱት ማየትን በርካሽ ሸጠው መሥራትን በውድ ስለሚሸጡ ነው። የማየቱን ዋጋ በቅጡ የከፈልነው ሰው ግን ስብራት ለማግኘት አይቸኩልም። ፎቶግራፉን ከነማብራሪያው ተቀብሎ፣ በዚያኑ ቀን ሳይፈርሙ አድሮ፣ የጥገናውን ዋጋ ከሌላ ሰው መጠየቅ ነውር የለበትም። የእኔ መርማሪ እንዲያውም ጥገና አልሠራም ብሎ ሁለት ስልክ ቍጥር ሰጥቶኝ ሄደ፤ የጠየቀኝም ዋጋ ቀደም ሲል ለሣር ማጨጃ ከከፈልሁት ያነሰ ነበር።

በምድር ቤቱ መንገድ ለውሃ ማሞቂያዋ ልክ የሆነ ጠባብ የብረት ቱቦ ከላይ እስከ ታች በአንድ ቀን ተዘረጋ፤ እስከዚያ ድረስ አራት ቀን በድስት በሞቀ ውሃ ታጠብን። የሳሎኑ ግን ስለ ወፎቹ ሲባል ለጥቅምት ተቀጠረ። እንቁላሎቹ ተፈልፍለው በሐምሌ ሙሉ በምድጃው ውስጥ የሚንጫጫ ድምፅ ስለ ነበር፣ አማቴ ማታ ማታ ወንበራቸውን ወደ ባዶው ምድጃ አስጠግተው ጸሎታቸውን እያደረሱ ያዳምጡ ነበር። ወፎቹ ከብርዱ ሸሽተው ወደ አማዞን ምድር እንደሚወርዱ ብነግራቸው፣ «እነሱም እንደ እኔ ለመስከረም አገራቸው ይግቡ» አሉ። በነሐሴ መጨረሻ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ልወስዳቸው ሻንጣቸውን ሳወጣ፣ ወደ ሳሎኑ ተመልሰው ገብተው አንገታቸውን ወደ ምድጃው ጎንበስ አድርገው ጥቂት ቆዩና፣ «አሁንም አሉ፤ ሳይወጡ እሳት እንዳታነድባቸው» አሉኝ።